ገዳዩን እንዳትነግሩኝ!

ልጅ ሳለሁ አንድ መጥፎ አመል ነበረኝ። የወንጀል ልብ ወለድ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምገልጠው የመጨረሻውን ገጽ ነው። ገዳዩን ሳላውቅ 200 ገጽ መታገስ አልችልም። አባዬ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። እሱ መጽሐፍ ይዞ ከተቀመጠ ስለ መጨረሻው ትንፍሽ ማለት ክልክል ነው። አንድ ጊዜ፣ 10 ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ገና ግማሹ ላይ ያለውን መጽሐፍ «ገዳዩ እኮ ወንድሙ ነው» ብዬ ነገርኩት። አልመታኝም። መጽሐፉን ዘጋና «በአንድ ቃል ሁለት ሰው ገደልክ፤ ደራሲውንም እኔንም» አለኝ። ሦስት ቀን አላናገረኝም።

ዛሬ አባዬ 74 ዓመቱ ነው። ግላኮማ ዓይኑን ቀስ በቀስ ወሰደበት። ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ፊደል ግን አይታየውም። ላለፉት ሁለት ዓመታት ከእራት በኋላ የማነብለት እኔ ነኝ። ጋዜጣ፣ ታሪክ፣ አንዳንዴ መዝሙረ ዳዊት እናነባለን። የሚወደው ግን ያው የድሮውን ነው። ሰው ይሙት፣ መርማሪ ይምጣ፣ ሁሉም ይጠርጠር!

በቀደም ወር አንድ የቆየ የአማርኛ የወንጀል ልብ ወለድ እንዳነብለት ጠየቀኝ። «ሲወጣ ገንዘብ አልነበረኝም፤ ገንዘብ ሳገኝ መጽሐፉ ጠፋ» አለኝ። እኔም ስልኬን አወጣሁና ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ፒዲኤፉን አንድ ቻናል ላይ አገኘሁት። በነጻ! እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ። አንድ ሰው መጽሐፉን በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ አንስቶታል። አንዳንዱ ገጽ ላይ አውራ ጣቱ ሳይቀር ይታያል።

11 ማታ አነበብን። አንድ የመርካቶ ነጋዴ መኝታ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ወንድሙ፣ ሚስቱ፣ ጠበቃው፣ ዘበኛውና የቀድሞ ሸሪኩ ተጠርጥረዋል። በ12ኛው ማታ መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። አባዬ ሻዩን አስቀመጠ። ገጽ 211 አለቀ። ጣቴን ወደ ላይ ሳብ አደረግኩ፤ ገጽ 214 መጣ።

212 እና 213 የሉም።

ወደ ታች ሮጥኩ። «ሁሉም ጸጥ አሉ» ይላል። ከዚያ ፖሊስ ይመጣል፣ አንድ ሰው በካቴና ይወሰዳል፣ ደራሲው ግን ስሙን ድጋሚ አይጠራውም። ምን ልበል? «አባዬ፣ ጉሮሮዬን እያመመኝ ነው፤ ነገ እንጨርሰው?» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «እሺ፣ ይሁን» አለ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ቀን ቀን መጽሐፉን ፍለጋ፣ ማታ ማታ ደግሞ ሰበብ ፍለጋ ሆነ ሥራዬ። ሰበብ ሲያልቅብኝ የምወደውን ነገር ሁሉ እያወጣሁ አወራለት ጀመር። እነሆ፣ አስተያየቴን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ማታ፦ ኮሚክ

ለማያይ ሰው ኮሚክ ማንበብ ይቻላል? ይቻላል፣ ግን ላብ ያስወጣል። ፈረንሳይ ያለ ጓደኛዬ የላከልኝን የኮርቶ ማልቴዝ ኮሚክ አወጣሁ። ሠዓሊው ጣሊያናዊው ሁጎ ፕራት ነው። መርከበኛው ኮርቶ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከየመን እስከ ደናክል በረሃ ይዞራል። ኩሽ የሚባል ኩሩ ተዋጊ አብሮት አለ። በእኔ አስተያየት መጽሐፉን የተሸከመው ኩሽ ነው፤ ኮርቶ ቆንጆ ኮፍያ ያደረገ ሰው ነው፣ በቃ!

የፕራት የራሱ ሕይወት ከኮሚኩ አይተናነስም። እ.ኤ.አ. በ1927 ተወለደ፤ በ10 ዓመቱ፣ አገራችን በጣሊያን በተያዘችበት ወቅት፣ ወታደር አባቱን ተከትሎ ኢትዮጵያ መጣ። በ1941 እንግሊዞች አባቱን ማረኩት፤ በዓመቱም እዚያው ምርኮ ላይ ሞተ። ልጁና እናቱ ድሬዳዋ በሚገኝ ካምፕ ተያዙ። ፕራት እዚያ ካምፕ ውስጥ ከጠባቂዎቹ ኮሚክ እየገዛ ያነብ ነበር።

አባዬ እዚህ ላይ አቋረጠኝ። «ታስሮም ገዝቶ ነው የሚያነበው?»

«አዎ።»

«እ...» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። እኔ ግን ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ከበደኝ።

የአክስቴ ልጅ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው። 17 ዓመቱ ነው፤ የጃፓን አኒሜ ሱሰኛ። «ጋሼ፣ የሞተ ነገር ተውና መርማሪ ኮናንን ንገረው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለአባዬ ከኮናን የተሻለ የለም። ጎበዝ ወጣት መርማሪ ወንጀለኞች መርዝ ሲግቱት በመሞት ፈንታ ሕፃን ሆኖ ይቀራል። ስሙን ሲጠየቅ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ዓይኑ ያርፍና «ኤዶጋዋ ኮናን» ይላል። ኮናን ከአርተር ኮናን ዶይል፣ ኤዶጋዋ ደግሞ ከጃፓናዊው የወንጀል ደራሲ ከኤዶጋዋ ራምፖ የተወሰደ ነው። ራምፖም በተራው የብዕር ስሙን የሠራው ከኤድጋር አለን ፖ ስም ነው። ፖ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1841 የመጀመሪያውን የዘመናዊ መርማሪ ታሪክ የጻፈ ነው የሚባለው አሜሪካዊ ነው። አያችሁ? አንድ ስም ውስጥ የሦስት አገር ውለታ ተቀምጧል።

«መቼ ጀመረ?» አለ አባዬ።

«በ1994 በፈረንጅ። ከ100 ቅጽ በላይ ወጥቷል፤ ገና አላለቀም።»

«30 ዓመት! እና አንባቢው እስካሁን አልሞተም?»

የእኛንም ነገርኩት። ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በእንግሊዝኛና በአማርኛ አወጣ። ፈጣሪው በሰራት ደበበ ነው። ጀግናው ልዩ ኃይል ከማግኘቱ በፊት ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ከሌላ ፕላኔት ከመጣ ጀግና ይልቅ ሲቪ ይዞ የሚዞር ጀግና ለእኔ ይቀርበኛል። የአክስቴ ልጅ ግን «በነጻ የለም እንዴ?» አለኝ። ልቆጣው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በምን አፌ?

ሁለተኛው ማታ፦ ቴሌቪዥን

ቀን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢና ለገሃር ዞሬ ነበር። አንዱ አዟሪ እስከ አገጩ መጽሐፍ ተሸክሞ «እሱን እንኳ ስሙን ነው የማውቀው» አለኝ። ባዶ እጄን ገባሁ።

ማታ ስለ ኮሎምቦ ተከራከርን። የእኔ አቋም የታወቀ ነው፤ ከሼርሎክም ከፖይሮም ኮሎምቦ ይበልጣል። ምክንያቱም ገዳዩን ገና ከመጀመሪያው ያሳያችኋል። ሀብታም፣ ብልህ፣ ሽቶ ሽቶ የሚል ሰው ይገድላል፤ ከዚያ ያ የተጨማደደ ካፖርት የለበሰ መርማሪ እየተቅለሰለሰ ይመጣል። ልወጣ ነው ብሎ በር ላይ ሲደርስ ዞር ይልና አንድ ጥያቄ ይጨምራል። ጥያቄው «ማን ገደለ?» ሳይሆን «እንዴት ይያዛል?» ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 መደበኛ ሆኖ ሲጀምር የመጀመሪያውን ክፍል ያዘጋጀው ገና ስሙ ያልገነነው ስቲቨን ስፒልበርግ ነበር። ታሪኩም በወንጀል ደራሲዎች መካከል የሚፈጸም ግድያ ነው።

ለዚህ ነው «ሰው ለሰው» ያንን ሁሉ ጊዜ ሶፋ ላይ ያሰረን። አስናቀ ክፉ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አበበ ባልቻ ፈገግ ባለ ቁጥር ሆዳችን ይረበሻል። የምንጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መቼ ነው የሚያዘው? በእኛ ሰፈር በዚያ ዘመን «አንተ አስናቀ!» ማለት ስድብ ነበር። ድራማው ረዘመ የሚሉ አሉ። እኔም እላለሁ። ግን አንድ ሳምንት እንኳ አላመለጠኝም።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና መጣ። እናቴ ነፍሷን ይማርና «ጥቁር ፍቅር»ን የፍቅር ድራማ ነው ብላ ነው የጀመረችው። የሚጀምረው ግን መኪና ውስጥ በተገኘ ሬሳ ነው! ፖሊሱ ኦመርና ጌጣጌጥ ዲዛይን የምታደርገው ኤሊፍ የሚተዋወቁት በሞት በኩል ነው። አባዬ «የቱርክ ነገር አላይም» ብሎ ጋዜጣ ይዞ ይቀመጥ ነበር። ጋዜጣው ግን ለአንድ ሰዓት አይገለበጥም። አንድ ቀን ከጋዜጣው ጀርባ «አጎቷን ጠርጥሪ» የሚል ድምፅ መጣ። እናቴ «ዝም በል፣ አትንገረኝ!» ብላ ትራስ ወረወረችበት። ይህን ሳነሳበት አባዬ ሳቀ፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«መጽሐፉን አንጨርሰውም?» አለኝ በመጨረሻ።

«ነገ» አልኩት።

ሦስተኛው ማታ፦ ወንጀል ስለሚጽፉ ሰዎች

ሦስተኛው ቀን አራት ኪሎ ነበርኩ። አንድ የቆዩ መጽሐፍ ሻጭ አሉ፤ መነጽራቸው በክር የታሰረ። ርዕሱን ስነግራቸው ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ድጋሚ አልታተመም።»

«ለምን ጋሼ? ፈላጊ አለው እኮ።»

«ፈላጊማ አለው። ማን ይገዛል? ሁላችሁም ስልካችሁ ላይ አላችሁ።» ዞር ብለው ስልኬን አዩት። «አንተም ሳታነበው አልቀረህም።»

ምን እላለሁ? ግማሽ እውነት ተናገርኩ፤ «ሁለት ገጽ ይጎድላል» አልኳቸው። ሳቁ። በጣም ሳቁ። «ላንሣው ያለው ሰው ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገልጦ ነዋ! ማረሚያ አራሚ የለ፣ አሳታሚ የለ፣ ለማን ታማርራለህ?» አሉኝ። ስልክ ቁጥሬን ወሰዱና «አንድ ሰብሳቢ አውቃለሁ፣ እጠይቅልሃለሁ» አሉኝ።

ማታ ለአባዬ ስለ ደራሲዎች አወራሁለት። አርተር ኮናን ዶይል በሼርሎክ ሆምስ ተሰላችቶ እ.ኤ.አ. በ1893 ገደለው። አንባቢ ጮኸ፤ ብዙዎች ታሪኩን የሚያወጣውን መጽሔት መግዛት እንዳቆሙ ይነገራል። ከ10 ዓመት በኋላ ዶይል ሆምስን ከሞት አስነሳው። ልብ በሉ፤ አንባቢው ጉልበት የነበረው ገዢ ስለነበረ ነው። የማይከፍል አንባቢ ቢያኮርፍ ማን ይሰማዋል?

አጋታ ክሪስቲ ላይ ግን ተጣላን። እ.ኤ.አ. በ1926 ያወጣችው «የሮጀር አክሮይድ ግድያ» አባዬን እስካሁን ያናድደዋል፤ «አታለለችኝ» ይላል። እኔ ደግሞ አላታለለችም ባይ ነኝ። ፍንጩ ሁሉ ፊት ለፊታችን ነበር፣ እኛ ነን ያላየነው። ካነበባችሁት ፍረዱ፤ ካላነበባችሁት ማንንም አትጠይቁ።

በአማርኛስ? አባዬ ይልማ ሀብተየስን ሲያነሳ ድምፁ ወጣት ይሆናል። የአማርኛን መርማሪ ልብ ወለድ ማን አስተማረን ቢባል እሱን ነው የሚጠራው። የስለላ ታሪክ ሲሆን ደግሞ ማሞ ውድነህ አለ። «ወረፋ ይዘን ነበር የምንዋዋሰው» ይለኛል። «ግን ከወረፋው ፊት አንድ የገዛ ሰው ነበር።»

ዛሬ በአማርኛ ጥሩ የወንጀል ልብ ወለድ ለምን በዛ ብሎ አይወጣም እያልን እናማርራለን። እኔም ብዙ ጊዜ አማርሬያለሁ። አንድ የወንጀል ልብ ወለድ ለመጻፍ ሰዓት መቁጠር፣ የፖሊስን አሠራር መጠየቅ፣ 200 ገጽ ሙሉ አንድ ውሸት ሳያደናቅፉ መሸከም ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የደከመ ሰው በወጣ በሳምንቱ አውራ ጣት ያለበት ፎቶ ሆኖ በየቻናሉ ቢዞር ሁለተኛውን ለምን ይጽፋል?

አራተኛው ማታ፦ ሙዚቃ

መብራት ጠፋ። ለአባዬ ልዩነት የለውም፤ ለእኔ ግን እፎይታ ነበር። ስልኬ ላይ የሙላቱ አስታጥቄን «የከርሞ ሰው» ከፈትኩ።

ይህ ዜማ የወንጀል ምርመራ ሙዚቃ አይመስላችሁም? ለእኔ ሁልጊዜ ይመስለኛል። ዝናብ ያባራበት ጎዳና፣ አንድ መብራት፣ ካፖርት የለበሰ ሰው ይታየኛል። ጂም ጃርሙሽም ሳይታየው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ውስጥ ቢል ሙሬይ ስም የሌለው ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ወደ 19 ዓመት የሚጠጋ ልጅ አለህ የሚል። ጎረቤቱ ዊንስተን ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሦስት ሥራ የሚሠራ፣ የልጆች አባትና የወንጀል ልብ ወለድ አፍቃሪ። ደብዳቤውን ሲያይ ከባለቤቱ ይልቅ የሚጣደፈው እሱ ነው። ጉዞውን ያቅድለታል፤ ለመንገድ እንዲሆነው ደግሞ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሞላበት ሲዲ ይሰጠዋል። የሙላቱ ሙዚቃ ፊልሙን ሙሉ የሚሰማው በዚያ ሲዲ ምክንያት ነው።

ይህን ስነግረው አባዬ «ይሄ ሰውዬ እኔ ነኝ!» አለ። ልክ ነው። ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው ተገኘ ወይ ሲለኝ ግን «አልነግርህም» አልኩት። ደስ አለው።

ያ ሙዚቃ ጃርሙሽ ጆሮ የደረሰው በአየር ተንሳፎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ሸክላ የማሳተሙ መብት በመንግሥት እጅ በነበረበት ጊዜ በራሱ ገንዘብ አምሃ ሪከርድስን ጀመረ። የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ያ ወጣት ገንዘቡን ባያወጣ፣ ገዢም ባይመጣ፣ በኋላ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሲዲዎች ለዓለም የሚያወጣው ምን ይኖር ነበር?

«ካሴት ስንገለብጥ እኮ እኛም ኃጢአተኞች ነበርን» አለ አባዬ በጨለማው። «ከሬዲዮ ላይ እንቀዳለን፣ ጓደኛ ለጓደኛ እንቀዳለን። ዘፋኞቹ ስንት ጊዜ አለቀሱ።» የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። አዋጁ አለ። ስልኬም አለ። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ስልኬ ነው።

ሙዚቃው ሲያልቅ አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስንት ገጽ ነው የጎደለው?»

ደነገጥኩ። «እንዴት አወቅክ?»

«አንተ እኮ መጨረሻውን ቀድሞ የሚያነብ ልጅ ነህ። ሳሎን ተሰብስበው ሳለ ጉሮሮህን አያምህም።»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ቻናሉን፣ አውራ ጣቱን፣ አራት ኪሎን። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ትራሱን አስተካክሎ «እንግዲያው እኔ ልፍታው» አለና ምርመራ ጀመረ። ገዳዩ ጠበቃው ነው አለ። ምክንያቱ ውሻው ነው። ግቢው ውስጥ ውሻ አለ፤ ማታውን አልጮኸም። ሆምስም እ.ኤ.አ. በ1892 በወጣው በ«ሲልቨር ብሌዝ» እንደዚህ ነው የፈታው፤ ውሻ የማይጮኸው የሚያውቀው ሰው ሲገባ ነው። ዘበኛው ከሚስቱ ጋር ነበር፣ ወንድሙ ናዝሬት ነበር፣ ሸሪኩን ውሻው ነክሶት ያውቃል። ጠበቃው ግን በየሳምንቱ ሥጋ ያመጣለት ነበር። አጨበጨብኩለት። ክፍተት የለውም!

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ፤ የአራት ኪሎው ሰውዬ ናቸው። መጽሐፉ ተገኘ፣ 700 ብር። ሳልከራከር ከፈልኩ። ብሩ ለደራሲው እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ አሮጌ መጽሐፍ ነው፣ ያ ዕዳ አልተከፈለም። ስለዚህ እዚያው ቆሜ አንድ በሕይወት ያለ ደራሲ የጻፈው አዲስ የአማርኛ የወንጀል ልብ ወለድ ጨመርኩ። «ይሄ ገና አልተገለበጠም እንዴ?» አልኳቸው እየቀለድኩ። «እስከ ቅዳሜ ይደርሳል» አሉኝ፤ እሳቸው ግን አልቀለዱም።

ማታ ገጽ 212 ተነበበ። አባዬ ተሳስቷል! ገዳዩ ጠበቃው አይደለም። ውሻው ያልጮኸው ደንቆሮ ስለነበረ ነው፤ ደራሲው ገጽ 38 ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሮናል፣ እኔም አንብቤዋለሁ፣ ሁለታችንም አልፈነዋል። ሼርሎክ ሆምስን ያነበበ አንባቢ እንደሚመጣ አስቦ ወጥመዱን ያኔ ነው ያስቀመጠው። አባዬ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። «ጎበዝ! ጎበዝ! አገኘኝ!» አለ። ስም እየጠራ ደራሲውን መረቀው።

ገዳዩን አልነግራችሁም። የመጽሐፉንም ርዕስ አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ነገ ጠዋት ምን እንደምትፈልጉ አውቃለሁ፤ እኔም ያንኑ ነበር የማደርገው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በዚህ ወር ከምትወዱት ነገር አንዱን፣ አንድ ኮሚክ ይሁን አንድ መጽሐፍ ወይ አንድ አልበም፣ ሠሪው ሳይሞት ግዙት። ሁሉንም መግዛት ባትችሉ ይገባኛል፤ እኔም አልችልም። አንዱን ብቻ።

አዲሱን መጽሐፍ ትናንት ማታ ጀመርን። ገና ምዕራፍ ሁለት ላይ ነን። ሻይ ላመጣ ተነስቼ ስመለስ የአክስቴ ልጅ መጽሐፉን አንስቶ ይገልጣል። አባዬ ራሱን ቀና አደረገ፤ የወረቀቱን ድምፅ ሰምቷል።

«ማነው እሱ ከኋላ የጀመረው?» አለ። «ዝጋው! ዝጋው ብዬሃለሁ!»